ስለ ወይዘሮ መሪየም አብዱልበሲጥ ህልፈት እና ሳያነቡት በስማቸው ስለጸደቀው ማስተካከያ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጣና ዳር የበጎ ፈቃድ ሶፍትዌር ማኅበር መሥራች አባልና የፕሮግራም ማስተካከያዎችን ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት አንብበው የሚያጸድቁ የመጀመሪያዋ «ሁለተኛ አንባቢ» የነበሩት ወይዘሮ መሪየም አብዱልበሲጥ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ አንድ ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ ቤተሰቦቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት በባሕር ዳር ተፈጽሟል። ከማኅበራችን ቦርድ አንድም ሰው በቀብሩ ላይ አልተገኘም። ለመገኘት ፊት አልነበረንም።

ማኅበሩ ሐዘኑን ለአባላቱ፣ ለደቅ ደሴት፣ ለዘጌና ለባሕር ዳር ጀልባ ተሳፋሪዎች እንዲሁም ለሕዝቡ ሲገልጽ፣ አብሮ ሊናገረው የሚገባ ነገር አለ። ከመጋቢት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በወይዘሮ መሪየም ላይ ተጭኖ የቆየው ጥፋት የእሳቸው አልነበረም። የእኛ ነበር። ቦርዱ ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። በሕይወት ሳሉ አልተናገረም። ስለዚህ ይህ መግለጫ ከሌሎች የሐዘን መግለጫዎች ይረዝማል፤ አንባቢ እንዲታገሠን እንለምናለን።

ወይዘሮ መሪየም በ1956 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተወለዱ። አባታቸው ሀጂ አብዱልበሲጥ በወረታና በባሕር ዳር መካከል እህልና ጨው የሚነግዱ፣ በሁለቱም ገበያ ቃላቸው የታመነ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ መሪየም ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በከተማችን በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥረው ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት አገልግለዋል። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የዕድር ደንብ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ ሁሉም በእጃቸው ሳያልፍ ወደ ማተሚያው አይገባም ነበር። በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሟች ስም በሐዘን ካርድ ላይ ተሳስቶ እንደወጣባቸውና ያንን ካርድ በቦርሳቸው ይዘው ይዞሩ እንደነበር ባልደረቦቻቸው ይናገራሉ።

በ2010 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲመሠረት ጡረታ ከወጡ ጥቂት ጊዜ ሆኗቸው ነበር። ልጃቸው ወይዘሪት ተቅዋ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማሩ ስለነበር፣ የልጃቸውን ደብተር እያነበቡ በሃምሳ አራት ዓመታቸው የፕሮግራም አጻጻፍ ተምረዋል። በምሥረታው ዕለት ከነበርነው አሥራ አራት ሰዎች በዕድሜ የሚቀርባቸው አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. አባላቱ በትርፍ ጊዜያቸው ያለ ክፍያ «ነፋስ ነጋሪ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ የነፋስ ትንበያ ከዓለም አቀፍ ምንጭ እየተቀበለ፣ ነፋስ በሚጠበቅበት ዕለት ጠዋት በጣና ላይ ለሚሠሩ ጀልባ ነጂዎች በአማርኛ አጭር የስልክ መልእክት ይልካል። ማንም ሰው የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማየት ይችላል፤ ማንም ሰው ማስተካከያ ጽፎ መላክ ይችላል።

በ2012 ዓ.ም. ወይዘሮ መሪየም የሁለተኛ ንባብ ደንባችንን አረቀቁ። ደንቡ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። አንድ አባል፣ ሰብሳቢውም ቢሆን፣ የጻፈው ማስተካከያ ሌላ አባል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያነበውና በስሙ ሳያጸድቀው ወደ ሥራ አይገባም ይላል። ለምን እንደሚያስፈልግ በጉባኤ ሲጠየቁ የመለሱት በቃለ ጉባኤው ላይ አለ፦ «የጻፈ ሰው ሲያነብ የሚታየው ሊጽፍ ያሰበው ነው። የጻፈውን የሚያይለት ሌላ ሰው ነው። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለኝም።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ማስተካከያዎችን አንብበዋል። ከእነዚህ ውስጥ መቶ ዘጠኙን ከጥያቄ ጋር መልሰዋል። እያንዳንዱን በወረቀት ያትሙ፣ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ ያስቀምጡ፣ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። ወጣት አባላት መዘግየቱን አልወደዱትም። «እትዬ መሪየም ጋ የገባ ነገር የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው» ይባል ነበር። ይህን ከሚሉት ውስጥ ዛሬ ይህን መግለጫ የምንፈርመው እንገኛለን።

አሁን ወደ መጋቢት 2014 ዓ.ም. እንመለሳለን። ቀጥሎ ያለውን የጻፈው ድርጊቱን የፈጸመው አባል ራሱ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በማኅበሩ አንደበት ተለዝቦ እንዳይቀርብ፣ በራሱ ቃል እንዲቀር ወስኗል።

«እኔ ባምላክ ፈንቴ በወቅቱ የማኅበሩ የቴክኒክ ኃላፊና የቦርድ አባል ነበርሁ። ሐሙስ መጋቢት 15 ቀን ሥራችንን ሊያዩ እንግዶች ይመጡ ነበር። ነፋስ ነጋሪ ሰዓትን በቁጥር ከሚጽፍ በፊደል ቢጽፈው ያምራል ብዬ ማስተካከያ አዘጋጀሁና ሰኞ ለእትዬ መሪየም ላክሁ። በዚያው እግረ መንገዴን የሰዓቱን ስሌት ነካካሁት። የነፋሱ መረጃ የሚመጣልን በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለመናገር ከእሱ ላይ ሦስት መቀነስ ነው የሚገባው። እኔ በስልካችን ላይ የምናየው ሰዓት መሰለኝና ስድስት ቀነስሁ።

«ማክሰኞ መለሱልኝ። በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ‹ይህ ሰዓት የየት አገር ሰዓት ነው? ምንጩ ይታይና ይመለስልኝ።› ምንጩን አላየሁም። ጥቃቅን ፍለጋ መሰለኝ። ስልክ ደወልሁላቸው። ‹እትዬ፣ ሐሙስ እንግዳ አለብን፤ ይህችን ይለፉልኝ› አልኋቸው። ‹ነገ ወረታ እሄዳለሁ፤ እህቴ ታማለች። ቅዳሜ ማታ እመለሳለሁ። እስከዚያ የድሮው ይሥራ፤ ምን ጎደለው?› አሉኝ። ‹መልኩ ነው እንጂ ሌላ የጎደለው የለም› አልሁ። ‹እንግዲያ መልክ ይጠብቃል› አሉኝ። አልተቆጡም። የእንግዶቹን ነገር ጠይቀውኝ፣ ሻይ የምናቀርብበት ብርጭቆ ከጠፋ ከቤታቸው እንድወስድ ነግረውኝ ዘጉ።

«ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። በ2011 ማስተካከያ ሁሉ በሚገባበትና በሚጸድቅበት የኮምፒውተር መዝገብ ላይ አካውንት የከፈትሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ የይለፍ ቃላቸውን የመረጥሁትም እኔ ነበርሁ። እንዲቀይሩት ነግሬያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አልቀየሩትም። በእሱ ገባሁና ማስተካከያዬን አጸደቅሁት። መዝገቡ ‹መሪየም አብዱልበሲጥ አንብበው አጽድቀዋል› አለ። እሳቸው በዚያ ሰዓት ወረታ ከታመመች እህታቸው አልጋ አጠገብ ነበሩ። ለእንግዶቹ አሳየኋቸው፤ አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም ልጽፈው ይገባል።»

ዓርብ ነፋስ ስላልነበረ መልእክት አልተላከም። ቅዳሜ መጋቢት 17 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ግን ለመቶ አርባ ስልኮች ይህ ደረሰ፦ «ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በጣና ላይ ኃይለኛ ነፋስ ይጠበቃል።» የትንበያው ምንጭ የሚለው ግን በእኛ አቆጣጠር ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነበር።

ጀልባ ነጂው አቶ ወልደ ገብርኤል አላምረው በዚያ ቀን ገበያቸውን ጨርሰው ወደ ደቅ የሚመለሱ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሯቸው። መልእክቱን አክብረው ከአምስት ሰዓት ጀምሮ በባሕር ዳር ወደብ ተሳፋሪዎቻቸውን አቆዩ። ከአደጋው በኋላ ለተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ የሰጡት ቃል እንዲህ ይላል፦ «ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባትም አለፈ፤ ሐይቁ ዝም እንዳለ ነው። ነፋሱ ሌላ ጋ ሄዷል፣ ተርፈናል አልን። መልእክቱ ባይመጣ ኖሮ ሰማዩን አይቼ እቀር ነበር። ወደ ምዕራቡ ጥቁር ነገር ነበር፤ አይቸዋለሁ። ግን ሰዓቱ አልፏል ብየ ወጣሁ።»

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሡ። ዘጌን አልፈው ክፍት ውኃ ላይ ሳሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነፋሱ መጣ፤ ጀልባዋም ተገለበጠች። በአቅራቢያው የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ነጂውን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰዎች አወጡ። አሥራ ሁለተኛው፣ የደቅ ገበሬው አቶ ጥዑመ ልሳን ገላው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አስከሬናቸው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓልና ሦስት ልጆቻቸው ቀሩ።

አቶ ባምላክ እሑድ ዕለት ስሌቱን መልሰው አይተው ምን እንደሠሩ ተረዱ። በዚያው ቀን ለወቅቱ ሰብሳቢ ለአቶ ምሥጋና ታደለ ነገሩ። አቶ ምሥጋናም ለቀሩት ሦስት የቦርድ አባላት ነገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስታችንም እናውቅ ነበር።

ወይዘሮ መሪየም ማክሰኞ መጋቢት 20 ቀን የመዝገቡን ገጽ በወረቀት አትመው ወደ ቦርዱ ስብሰባ መጡ። በዚያ ስብሰባ የተባለው በቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይሰፍር ተወስኖ ነበር። አምስታችንም የምናስታውሰውን አገናዝበን አሁን እናሰፍረዋለን።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ «ይህን አላነበብሁትም» አሉ። «ሐሙስ ጠዋት ወረታ ነበርሁ። ስሜ ከየት መጣ?»

አቶ ባምላክ ቀና ብለው አላዩም። «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አሉ።

ወይዘሮ መሪየም ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሰው ሞቷል እኮ፣ ባምላክ» አሉ።

አቶ ምሥጋና እንዲህ አሉ፦ «ስምዎን ከመዝገቡ ብናወጣ ‹በሰው ስም ያጸድቃሉ› ተብሎ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ክረምት እየመጣ ነው። ከእንግዲህ ጀልባውን ሁሉ ማን ያስጠነቅቃል? ሌላ ሰው እንዳይሞት ስል ነው የምለምንዎ። ጥቂት ይታገሡን።»

«ስንት ነው ጥቂት?»

«ነገሩ እስኪበርድ።»

ወይዘሮ መሪየም ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በኋላ የተናገሩት ይህ ነው፦ «እኔ ብናገር ጣቴን በዚህ ልጅ ላይ መቀሰር ነው የሚሆነው፤ ሰውም ራሷን ለማዳን ነው ይላል። ለሟቹ ቤት የሚረባው እናንተ ስትናገሩት ነው። እስክትናገሩ እጠብቃለሁ። ግን አታስረጁኝ።»

ቦርዱ ለዚህ ቃል የሰጠው መልስ ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ለጀልባ ነጂዎች ማኅበር የጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አደጋው «በሁለተኛ ንባብ ወቅት በተፈጠረ ክፍተት» መድረሱንና «ንባቡን ያካሄዱት አባል ከኃላፊነታቸው መነሣታቸውን» ይገልጻል። ስም አልጠራንም። ሁለተኛ አንባቢ ግን አንድ ብቻ እንደነበሩ ከወደቡ እስከ ደቅ የማያውቅ አልነበረም። ስም ያልጠራነው ለእሳቸው ክብር እንደሆነ ለራሳችን ነግረን ነበር። ውሸት ነበር። ስም ብንጠራ እሳቸው ወጥተው ያስተባብሉናል ብለን ፈርተን ነው።

የደረሰባቸውን ሁሉ አናውቅም፤ ጥቂቱን ግን እናውቃለን። በገበያ «ሰዓት የማታውቀዋ» እየተባሉ ይጠቆሙባቸው ነበር። በጡረታ ዘመናቸው ሥራ ይሰጣቸው የነበረ አንድ አሳታሚ መጽሐፍ መላኩን አቆመ። የወደቡ ሰዎች ሲያልፉ ሰላምታቸውን አይመልሱም ነበር። ከእኛ ውስጥ ይህን በዓይኑ አይቶ መንገድ የቀየረ አለ።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ብቻቸውን ወደ ደቅ ተሻግረው ለአቶ ጥዑመ ልሳን ቤተሰብ ለቅሶ ደርሰዋል። ይህን ያወቅነው ከህልፈታቸው በኋላ ከወይዘሮ የብርጓል ነው። ወይዘሮ የብርጓል እንዲህ ብለውናል፦ «በሩ ላይ ቆመው ማን እንደሆኑ ነገሩኝ። ላባርራቸው ነበር። ‹ባሌን የገደለው ስህተት የማን ነው?› አልኋቸው። ‹የማኅበራችን ነው› አሉኝ። ‹እርስዎ ነዎት ይባላል› ብላቸው፣ ‹እኔም የማኅበሩ ሰው ነኝ› አሉኝ። አልካዱኝም፣ አላመኑልኝም። ተቀምጠው ከልጆቼ ጋር አለቀሱ። ሲሄዱ ለትልቋ ልጄ ደብተር ሰጧት።»

ከኃላፊነት ቢነሡም የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ ማንበባቸውን አላቆሙም። ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. እንደ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ አርባ ሰባት ስህተቶችን ለይተው ጽፈውልናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት እንደማያውቅ ያመለከቱት እሳቸው ናቸው፤ ባያመለክቱ ኖሮ በዚያች ስድስተኛ ቀን መልእክት ሳይላክ ይቀር ነበር። አርባ ሰባቱንም አስተካክለናል። ለአንዱም አላመሰገንናቸውም።

መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሰብሳቢው በስልክ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ዓመት ሆነ።» በተከታዩ ዓመት በዚያው ቀን ሌላ ላኩ፦ «ሁለት ሆነ።» መልስ አልሰጠንም። ነገሩ ከበረደ ቆይቶ ነበር፤ ስለ አደጋው የሚጠይቀን አልነበረም፤ ፕሮግራሙንም ማንም አልዘጋውም። ለዝምታችን የሰጠነው ምክንያት ሁሉ ካለቀ በኋላ እንኳ ዝም አልን። ምክንያት ሲያልቅ ልማድ ሆኖ ነበር።

ህልፈታቸው በተሰማ ማግስት አቶ ባምላክ የሐዘን መግለጫ እንዲያረቁ ታዘዙ። ያረቀቁት ግማሽ ገጽ ነበር፤ «ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በታታሪነት በሁለተኛ አንባቢነት አገልግለዋል» ይላል። ማኅበሩ የሚያወጣው ጽሑፍም እንደ ፕሮግራሙ ሁለተኛ ንባብ ያስፈልገዋልና፣ ረቂቁ አሁን በዚህ ኃላፊነት ላይ ላሉት ለወይዘሪት ርሆቦት ፍሬ ስብሐት ተላከ። ወይዘሪት ርሆቦት ማኅበሩን የተቀላቀሉት በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ከደብዳቤው በቀር የሚያውቁት አልነበረም። ረቂቁን አላጸደቁትም። የጻፉት ይህን ነው፦ «በ2014 ለምን አቆሙ? በስህተት ምክንያት ከሆነ ምን ዓይነት ስህተት? መዝገቡን ሳየው ማክሰኞ የመለሱትን ማስተካከያ ሐሙስ ያጸደቁት ያለ አንድ ቃል ነው። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ የለም። ምክንያቱ ይገለጽና ይመለስልኝ።»

አቶ ባምላክ ደወሉላቸውና ጊዜው አጭር መሆኑን፣ ሰው እየጠበቀ መሆኑን ነገሯቸው። «ይጠብቃ» አሏቸው ወይዘሪት ርሆቦት። «እኔ የማላውቀውን አላጸድቅም። ከፈለጋችሁ ሌላ አንባቢ ፈልጉ።»

አቶ ባምላክ ሌላ አንባቢ አልፈለጉም። እሑድ የካቲት 23 ቀን በተጠራው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ከላይ የተጻፈውን ተናገሩ። አቶ ምሥጋናና የቀሩት የቦርድ አባላትም ያወቁትን አመኑ። በአዳራሹ ከነበሩት ሠላሳ ስድስት አባላት አሥራ ሁለቱ በዚያው ሰዓት አባልነታቸውን ተዉ። አልተቃወምናቸውም።

ሰኞ ወደ ወይዘሪት ተቅዋ ቤት ሄድን። በር ከፍተው አስገቡን፤ ጊዜው የረመዳን ጾም መሆኑን እንኳ አላሰብንበትም ነበር። የምናወጣውን ነገርናቸው። ሁሉንም ያውቁ ነበር። «እናቴ ተናገሪ ብላኝ አታውቅም፤ ዝም በይም አላለችኝም» አሉ። «‹እነሱው ይናገሩታል፣ ልጆች ናቸው፣ ፈርተው ነው› ትለኝ ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ስልኳን አቅርቢልኝ ስትለኝ እናንተን እየጠበቀች እንደነበር አውቃለሁ። የሚያመኝ የስሟ መጉደፍ አይደለም። እስከ መጨረሻው ስለ እናንተ ጥሩ ማሰቧ ነው።»

ጠቅላላ ጉባኤው የሚከተሉትን ወስኗል፤ ተፈጽመዋልም። በመጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. መዝገብ ላይ ማስተካከያው ያለ ሁለተኛ ንባብ በአቶ ባምላክ ፈንቴ መግባቱ ተጽፏል። የሚያዝያ 6ቱ ደብዳቤ ተሽሮ ለጀልባ ነጂዎች ማኅበር ትክክለኛው ተልኳል። አቶ ባምላክና አቶ ምሥጋና ለሚመለከተው የሕግ አካል ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። የቀድሞው ቦርድ በሙሉ ከኃላፊነት ወርዷል፤ ይህን መግለጫ የሚፈርመውም ተጠያቂነቱን እንዳይሸሽ እንጂ በሥልጣን ላይ ስላለ አይደለም። በወይዘሮ መሪየም ስም ዓመታዊ ሽልማት ለማቋቋም የቀረበውን ሐሳብ ግን ጉባኤው አልተቀበለም። ወይዘሪት ተቅዋም በማግስቱ ስለዚሁ ሲጠየቁ የመለሱት፣ «በስሟ አንድ ጊዜ ተጠቅማችኋል፤ ይበቃል» የሚል ነበር።

ቅዳሜ የካቲት 29 ቀን በባሕር ዳር ወደብ፣ ገበያተኛው በሚሳፈርበት ሰዓት፣ አቶ ባምላክ እውነቱን በጀልባ ነጂዎቹና በተሳፋሪዎቹ ፊት አንብበዋል። አንዳንዱ ሰደባቸው። አብዛኛው ሰው ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። አቶ ወልደ ገብርኤል፣ «እኔን ‹ማስጠንቀቂያ ንቆ የወጣ› ያሉኝ ሰዎች አሁንም እዚህ አሉ፤ እነሱም ይስሙ» ብለው ደግሞ እንዲነበብ ጠየቁ፤ ተነበበ።

ወይዘሮ የብርጓል ከደቅ መጥተው እዚያው ነበሩ። ንባቡ ሲያልቅ ወደ እኛ ቀረቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «እኒያ ሴትዮ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ቤቴ መጥተው የተቀመጡት?»

አዎን አልናቸው።

«እንግዲያ ልጃቸውን ለቅሶ ሳልደርስ አልሻገርም» አሉ። የወይዘሪት ተቅዋን ቤት የሚያሳያቸው ሰው ጠየቁ። ከአባላቱ አንዱ ልምራዎት ሲላቸው፣ «አንተ ተው» ብለው አቶ ወልደ ገብርኤልን አስከትለው ሄዱ። በዚያ ሌሊት ወደ ደቅ አልተመለሱም፤ በወይዘሪት ተቅዋ ቤት አደሩ። ምን እንደተነጋገሩ አናውቅም። ሊነገረንም አይገባም።

ማኅበሩ ለወይዘሪት ተቅዋ፣ በወረታና በባሕር ዳር ለሚገኙ የወይዘሮ መሪየም ዘመዶች፣ አብረዋቸው ለሠሩ አራሚዎችና አታሚዎች፣ እንዲሁም ለወይዘሮ የብርጓልና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይመኛል። አላህ ወይዘሮ መሪየምን በጀነተል ፊርደውስ ያኑራቸው፤ የአቶ ጥዑመ ልሳንን ነፍስ እግዚአብሔር በደጋጎቹ ዘንድ ያሳርፍ።

የዚህ መግለጫ የመጀመሪያ ጽሑፍ የሚያልቀው «ይቅርታ እንደሚያደርጉልን ተስፋ እናደርጋለን» ብሎ ነበር። ወይዘሪት ርሆቦት ይህን ዐረፍተ ነገር ሰርዘው መለሱልን። በኅዳጉ ላይ፣ «ተስፋ ማድረግ የእናንተ ድርሻ አይደለም» የሚል ጽፈዋል። ትክክል ናቸው።

ይቅርታ እንጠይቃለን።

በጣና ዳር የበጎ ፈቃድ ሶፍትዌር ማኅበር የቀድሞ ቦርድ ስም፦
ጸሐፊ፣ ባምላክ ፈንቴ
አንብበው ያጸደቁ፣ ርሆቦት ፍሬ ስብሐት